ለአንዱ ጥገኛ የተዘጋጀ አንቲቦዲ ሌላውን ለምን ያበራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም፣ ኦይስተር በሚባለው ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩ ጥገኛ ተሕዋስያን በአንቲቦዲ (ሰውነት ባዕድ ነገርን ለመያዝ በሚሠራው የደም ፕሮቲን) አማካይነት እንዴት እንደሚለዩና እርስ በርሳቸው እንደሚነጻጸሩ አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ለአንዱ ጥገኛ ተብሎ የተዘጋጀ አንቲቦዲ በሌሎች የባሕር ተሕዋስያን ላይም ተጣብቆ መገኘቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰን ማለፋችን ከጎንደርና ከአካባቢዋ በርከት ያሉ ደብዳቤዎችን አስከትሏል። አምስቱን መርጠናል፤ የመጀመሪያው ጠለቅ ያለ መልስ የሚሻ በመሆኑ ሰፋ ያለውን ቦታ ወስዷል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በጎንደር ከተማ በሚገኝ ጤና ጣቢያ በላቦራቶሪ ባለሙያነት አገለግላለሁ። የወባ ፈጣን መመርመሪያ በየቀኑ እጠቀማለሁ፤ ለአጨዳ ወደ መተማ ወርደው ታመው የሚመለሱ ወጣቶች ሲመጡም የካላ አዛር መመርመሪያ እንሠራለን። ሁለቱም ሥራዎች የቆሙት በአንቲቦዲ ላይ ነው። አንቲቦዲ ከተዘጋጀለት ጥገኛ ውጭ ሌላም የሚይዝ ከሆነ፣ በኦይስተሩ ውስጥ የታየው የተፈለገው ጥገኛ ነው ብሎ ውጤት ላይ መፈረም እንዴት ይቻላል? ዝምድናን ያሳያል የተባለውስ የምርመራ ስህተት ላለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ጥያቄዎ ከኪቱ ጀርባ ያለውን ነገር የሚነካ በመሆኑ ጉዳዩን ከሥሩ መያዝ ይሻላል። አንቲቦዲ ዝርያን አያውቅም። የሚያውቀው በአንድ ሞለኪውል ገጽ ላይ ጥቂት አሚኖ አሲዶች ወይም ጥቂት የስኳር ክፍሎች ተሰባስበው የሠሯትን ትንሽ ቅርጽ ነው። ያቺ ቅርጽ በአንድ ዝርያ ላይ ብቻ ካለች አንቲቦዲው ዝርያን ይለያል፤ በአንድ ወገን አባላት ሁሉ ላይ ካለች ወገኑን ያመለክታል፤ እምብዛም በማይዛመዱ ፍጥረታት ላይ ከተገኘች ደግሞ ያልተጠነቀቀን መርማሪ ታሳስታለች። ስለዚህ የተጣበቀው አንቲቦዲ በሚያበራ ቀለም እንዲታይ ተደርጎ ስላይዱ (ናሙናው የተነጠፈበት መስታወት) ሲያበራ በእርግጠኝነት ሊባል የሚችለው «ይህች ቅርጽ እዚህ አለች» የሚለው ብቻ ነው። ከዚያ ተነሥቶ የዝርያ ስም መጻፍ ሌላ ማስረጃ የሚጠይቅ ሁለተኛ እርምጃ ነው፤ ብዙው ክርክር የሚነሣውም ሁለቱ እርምጃዎች እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ ነው።

በእጅዎ ያለው የወባ መመርመሪያ ራሱ ይህንን ያሳያል። በአገራችን ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ኪት ፋልሲፓረምን የሚይዘው፣ ሰውን ከሚያጠቁት የወባ ተሕዋስያን መካከል ያ ዝርያ ብቻ በሚያመነጨው ኤችአርፒ 2 በተባለ ፕሮቲን ነው። ኤልዲኤች የሚባለው ኢንዛይም ግን በሁሉም ዘንድ ይገኛል። በዚሁ በአንዱ ኢንዛይም ላይ፣ ሁሉም ዝርያዎች በሚጋሩት ክፍል ላይ የሚጣበቅ አንቲቦዲ ከተመረጠ መስመሩ የሚናገረው ወባ መኖሩን ብቻ ነው፤ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዝርያ ብቻ ባለው ክፍል ላይ የሚጣበቅ ከተመረጠ ደግሞ ያው መስመር የዝርያ ስም ይናገራል። ኢንዛይሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንቲቦዲው የሚይዛት ቅርጽ ናት። ተቃራኒውም ያጋጥማል። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የኤችአርፒ 2ን ጂን ያጡ የፋልሲፓረም ተሕዋስያን አሉ፤ በእነዚህ የተያዘ ታማሚ ተሕዋስያኑ በደሙ ሞልተው ሳለ የፋልሲፓረም መስመሩ ላይወጣ ይችላል። መስመሩ ቀረ ማለት ቅርጿ የለችም ማለት እንጂ ተሕዋሱ የለም ማለት አይደለም።

የካላ አዛሩ መመርመሪያ ነገሩን ገልብጦ ይሠራል። በኪቱ ላይ የተቀመጠው አንቲጂን (አንቲቦዲ የሚጣበቅበት ሞለኪውል) ሲሆን የሚፈለገው በታማሚው ደም ውስጥ ያለው አንቲቦዲ ነው። አርኬ 39 የተባለው ይህ አንቲጂን የተገኘው ካላ አዛርን ከሚያመጣው ጥገኛ፣ ከሊሽማንያ የደቡብ አሜሪካ ዝርያ ነው፤ በመተማና በሑመራ ቆላ ሰዎችን የሚጥለው ግን ሊሽማንያ ዶኖቫኒ ነው። በሌላ አህጉር ጥገኛ የተሠራ ኪት ለእኛ ታማሚ የሚሠራው ሁለቱ ዝርያዎች የሚመሳሰል ፕሮቲን ስላላቸው ነው። ምርመራው በምሥራቅ አፍሪካ ከሕንድ ክፍለ አህጉር ይልቅ ብዙ ታማሚዎችን የሚያመልጠውም ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ፕሮቲኑ እዚህ ትንሽ ለየት ስለሚል ነው። እርስዎ በየጊዜው ውጤቱን የሚፈርሙት፣ ሳይንቲስቶች በኦይስተር ጥገኞች ላይ ሲከራከሩበት በኖሩት በዚሁ መመሳሰል ተማምነው ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ኦይስተሩ እንመለስ። በ1940ዎቹ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ በሉዊዚያና ጠረፍ ኦይስተሮች በብዛት ሲሞቱ አምራቾቹ የነዳጅ ኩባንያዎችን ከሰሱ፤ ክሱን ተከትሎ የተጀመረው ምርምር ግን እ.ኤ.አ. በ1950 አንድ ጥቃቅን ጥገኛ ይፋ አደረገ። በጊዜው እንደ ፈንገስ ተቆጥሮ ዴርሞሲስቲዲየም ማሪነም ተባለ፤ በሽታው እስከ ዛሬ «ዴርሞ» እየተባለ የሚጠራው በዚያ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የታየው ዋናተኛው ሕዋስ፣ ወባንና ቶክሶፕላዝማን ከሚያቅፈው የአፒኮምፕሌክሳ ወገን ጋር የሚመሳሰል የአካል ክፍል በጫፉ ላይ ስለነበረው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ፐርኪንሰስ ማሪነስ ተብሎ ወደዚያ ወገን ተዛወረ። በ1990ዎቹ ጂኖቹ ሲነበቡ ደግሞ ይበልጥ የሚቀርበው ለዳይኖፍላጀሌቶች ሆኖ ተገኘ። ዳይኖፍላጀሌቶች በባሕር ውኃ ውስጥ በብዛት የሚንሳፈፉ ነጠላ ሕዋስ ፍጥረታት ናቸው፤ ብዙዎቹ እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ይሠራሉ፣ ጥቂቶቹ ግን ጥገኞች ናቸው። አንድ ተሕዋስ በ50 ዓመት ውስጥ ከፈንገስ ወደ ወባ ዘመድ፣ ከዚያም ወደ ዳይኖፍላጀሌት ዘመድ መዛወሩ ፍጥረታትን በየወገናቸው ለሚመድቡት የታክሶኖሚ ባለሙያዎች የሚያኮራ ታሪክ አይመስለኝም፤ ሆኖም የአንቲቦዲው ውጤት ለምን ትኩረት እንደሳበ የሚገባን ይህንን ስናውቅ ነው።

ተመራማሪዎች የፐርኪንሰስ ማሪነስን ሕዋሳት ወደ ጥንቸል ወግተው ያገኙትን አንቲቦዲ በኦይስተር ሥጋ ላይ ሲያፈስሱ ጥገኛው በግልጽ አበራ። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ሥራ አንቲቦዲዎቹ በምን ላይ እንደሚጣበቁና በምን ላይ እንደማይጣበቁ ለይቶ ሲፈትሽ፣ ከመካከላቸው በሌሎች ባለ ዛጎል እንስሳት ውስጥ የሚኖሩትን የፐርኪንሰስ ዘመዶችም የሚይዙ ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ለፐርኪንሰስ የተዘጋጁት አንቲቦዲዎች በአንዳንድ ዳይኖፍላጀሌቶች ላይ፣ በተለይም የሸርጣን ጥገኛ በሆነው በሄማቶዲኒየም ላይ ተጣበቁ። ጂኖቹ የተናገሩትን ዝምድና በሌላ መንገድ የሚደግፍ ውጤት ነበር።

«የምርመራ ስህተት ላለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ?» ያሉት ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አንድ ብቸኛ ማብራት ምንም አያረጋግጥም። የሚያሳምነው የማብራቱ ሥርዓት ነው፦ በራሱ ዝርያ ላይ ደምቆ፣ በቅርብ ዘመዱ ላይ ቀነስ ብሎ፣ በሩቅ ዘመዱ ላይ ደብዝዞ፣ ምንም በማይዛመደው ላይ ጨርሶ ጠፍቶ ሲገኝ፣ ደረጃው ራሱ መረጃ ይሆናል። እዚህ ለመድረስ ግን አድካሚ ማጣሪያዎች አሉ። ያው ጥንቸል ከመወጋቱ በፊት የተቀዳው ሴረም (አንቲቦዲዎቹን የያዘው የደም ፈሳሽ ክፍል) በተመሳሳይ ስላይድ ላይ መፈተሽ አለበት፤ እርሱም ካበራ ጥንቸሉ ከቀድሞው ከሌላ ነገር ያገኘው አንቲቦዲ አለ ማለት ነው። ሁለተኛው ማጣሪያ ሴረሙን ከሌላው ዝርያ ሕዋሳት ጋር አቀላቅሎ የሚጣበቀውን ሁሉ ማስወገድ ነው፤ የቀረው ሴረም ዋናውን ጥገኛ ማብራቱን ከቀጠለ፣ ዝርያዎቹ የሚጋሯቸውም የማይጋሯቸውም ቅርጾች እንዳሉ በአንድ ጊዜ ይታያል። ሦስተኛው የሕዋሱን ፕሮቲኖች በክብደታቸው ለያይቶ አንቲቦዲው የትኛውን እንደሚይዝ ማየት ነው። በሁለት ዝርያዎች ላይ የተያዘው ፕሮቲን ተመሳሳይ ክብደት ካለው የጋራ ሞለኪውል ስለ መሆኑ የሚሰጠው ግምት ይጠነክራል፤ ከስኳር ክፍል ጋር የተጣበቀ ከሆነ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ተመሳሳይ የስኳር ቅርጾች በማይዛመዱ ፍጥረታት ሕዋስ ግድግዳ ላይም ይገኛሉ። ይህን ማጣሪያ ያላለፈ «ዝምድና» እርስዎ እንደጠረጠሩት ስህተት ሊሆን ይችላል።

ስለ ፊርማው ደግሞ፣ ከማይክሮስኮፑ ሥር የሚታየውን ልግለጽልዎት። የኦይስተሩ ሥጋ በፎርማሊን ደርቆ፣ በፓራፊን ታሽጎ፣ 5 ማይክሮሜትር ያህል ውፍረት ባለው ስስ ቁራጭ ስላይድ ላይ ይነጠፋል። የጥንቸሉ አንቲቦዲ ይፈስስበታል፤ ከታጠበ በኋላ የጥንቸል አንቲቦዲን የሚይዝና አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም የተገጠመለት የፍየል አንቲቦዲ ይከተላል። በፍሎረሰንት ማይክሮስኮፕ ሲታይ ጥገኛው በጥቁሩ መስክ ላይ አረንጓዴ ክብ ሆኖ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ከ10 ማይክሮሜትር ያነሰ ነው፤ በውስጡ ያለው ሰፊ ባዶ ክፍል ኒውክሊየሱን ወደ ዳር ስለሚገፋው የማኅተም ቀለበት ይመስላል። ችግሩ ሌላም የሚያበራ ነገር መኖሩ ነው። በኦይስተሩ ምግብ ፈጪ ክፍል ዙሪያ ያሉ ቢጫና ቡናማ ቅንጣቶች ምንም አንቲቦዲ ሳይነካቸው በራሳቸው ያበራሉ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ኦይስተር የሚመገበው ውኃውን አጣርቶ ሲሆን፣ ከሚውጣቸው ጥቃቅን ፍጥረታት መካከል ዳይኖፍላጀሌቶች መኖራቸው ነው። ዳይኖፍላጀሌትን የሚይዝ አንቲቦዲ ይዞ የኦይስተር አንጀት የሚመለከት ባለሙያ የእንስሳውን ምሳ በሽታ ነው ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። ስለዚህ ውጤት የሚፈረመው ብርሃኑ ከአንጀቱ ባዶ ቦታ ሳይሆን ከሥጋው ውስጥ፣ በተለይም በደም ሕዋሳቱ ውስጥ ሲገኝ፣ ቅርጹና መጠኑ ሲስማማ፣ ሕመም በሌለበት ኦይስተር ላይ ያው ሥራ ተሠርቶ ምንም ሳይበራ ሲቀር ነው። ያኔም ቢሆን ጥንቁቅ ባለሙያ የሚጽፈው «የፐርኪንሰስ ወገን» ብሎ ነው፤ «ማሪነስ» የሚለውን ለመጨመር የሚያበቃው አንቲቦዲው ዘመዶቹን እንደማይዝ ቀድሞ ተፈትሾ ከሆነ ወይም የዲኤንኤ ማስረጃ ከታከለ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ኦይስተሩ የታመመው ራሱ ከሆነ አንቲቦዲውን ከእርሱ ደም ከመውሰድ ይልቅ ከጥንቸልና ከአይጥ የሚወሰደው ለምንድን ነው? ከሁለቱስ የትኛው ይሻላል? (ከማራኪ)

መልስ፦ ኦይስተር አንቲቦዲ የለውም። አከርካሪ የሌላቸው እንስሳት እንዲህ ያለውን ሞለኪውል አይሠሩም፤ የኦይስተር መከላከያ በዋነኛነት ባዕድ ነገርን ዋጥ የሚያደርጉ የደም ሕዋሳቱ ናቸው። ፐርኪንሰስ ማሪነስም ይህንኑ ይጠቀምበታል፦ ይዋጣል፣ አይፈጭም፣ በዋጠው ሕዋስ ውስጥ ይራባል፣ ሕዋሱ በሰውነቱ ሲዘዋወር አብሮት ይሠራጫል። ስለዚህ አንቲቦዲ የሚያመርት እንስሳ ማዋስ ግድ ነው።

ከጥንቸል የሚገኘው ሴረም የብዙ ዓይነት አንቲቦዲዎች ድብልቅ ነው፤ እያንዳንዱ በጥገኛው ላይ ሌላ ሌላ ቅርጽ ይይዛል። ከአይጥ የሚገኘው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 ኬለርና ሚልስታይን ባሳወቁት ዘዴ (በ1984 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ሥራ ነው) አንቲቦዲ የሚያመነጭን አንድ ሕዋስ ከካንሰር ሕዋስ ጋር በማዋሐድ የሚመረት፣ አንዲት ቅርጽ ብቻ የሚይዝ ወጥ አንቲቦዲ ነው። የጥንቸሉ ድብልቅ ደምቆ ያበራል፣ ጥቂት ጥገኞችን እንኳ አያሳልፍም፣ ለዝምድና ንጽጽርም ሰፊ መረብ ይሆናል፤ ግን ጥንቸሉ ሲሞት ሴረሙ ያልቃል፣ የሌላው ጥንቸል ሴረም ደግሞ ፍጹም ያው አይሆንም። የአይጡ ወጥ አንቲቦዲ ለዓመታት ሳይለወጥ ይመረታል፣ ዝርያን ለመለየትም ይመረጣል፤ የያዛት አንዲት ቅርጽ ፎርማሊን ሲነካት ከተበላሸች ግን ስላይዱ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። በፈረንሳይ፣ በብሪታኒ ጠረፍ እ.ኤ.አ. በ1979 የተገኘውን ቦናሚያ ኦስትሪዬ የተባለ የኦይስተር ጥገኛ ለመለየት በ1980ዎቹ መጨረሻ የአይጥ ወጥ አንቲቦዲዎች መዘጋጀታቸው ተገቢ ምርጫ ነበር፤ ይህ ጥገኛ ከ2 እስከ 5 ማይክሮሜትር የሚሆን፣ በደም ሕዋስ ውስጥ የሚደበቅና በተራ ቀለም በቀላሉ የሚታለፍ ነው።

በመማሪያ መጻሕፍት ብዙም የማይወሳ አንድ ጉዳይ ልጨምርልህ። የአንቲቦዲው ጥራት የሚወሰነው በመርፌው ውስጥ በገባው ነገር ንጽሕና ነው። ጥገኛው ከታመመ ኦይስተር በሚለቀምበት ዘመን ከእርሱ ጋር የኦይስተሩ ሥጋ ፍርፋሪ ሊገባ ይችል ነበር፤ ጥንቸሉም ሳያዳላ ለሁለቱም አንቲቦዲ ይሠራል። ፐርኪንሰስ ማሪነስን ከኦይስተር ውጭ በላቦራቶሪ ማርባት እ.ኤ.አ. በ1993 በተለያዩ ቡድኖች መሳካቱ ይህንን ችግር አቃለለ። የዕድገት ደረጃም ለውጥ ያመጣል፤ ወፍራም ግድግዳ ካለው ሕዋስ የተዘጋጀ አንቲቦዲ ግድግዳ የሌለውን ዋናተኛ ደረጃ ላይይዘው ይችላል፤ ያ ሲሆን ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው ብሎ መደምደም ትልቅ ስህተት ነው።

ጥያቄ፦ በከተማችን ሆቴል በምግብ ዝግጅት የተሰማራሁ ነኝ። የውጭ አገር እንግዶች ኦይስተር አለ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ጥገኛው ወደ ሰው ይተላለፋል? በጣና ወይም በወንዞቻችንስ ይኖራል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ፐርኪንሰስ ማሪነስም ሆነ ቦናሚያ ሰውን አያሳምሙም፤ ጉዳታቸው በእንስሳውና ከእርሱ በሚተዳደሩ ሰዎች ገቢ ላይ ነው። በጥሬ ኦይስተር የሚያሰጉት ሌሎች ናቸው፤ ከእነርሱም ኖሮቫይረስና ቪብሪዮ ቩልኒፊከስ የተባለው ባክቴሪያ ይጠቀሳሉ። እውነተኛው ኦይስተር የጨው ውኃ እንስሳ ስለሆነ በጣና አይኖርም። በናይል ተፋሰስ ኢቴሪያ የሚባል፣ እንደ ኦይስተር ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ የሚያድግ የጣፋጭ ውኃ ባለ ዛጎል አለ፤ ሆኖም ከሌላ ወገን ነው። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ እንስሳ አለመብላት በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ የቆየ ሥርዓት በመሆኑም፣ ምግቡ በጎንደር የእንግዳ ጥያቄ ሆኖ የሚቀር ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ዛሬ ፒሲአር (ዲኤንኤን አብዝቶ የሚለይ ምርመራ) ባለበት ዘመን በአንቲቦዲ መድከም ምን ይጠቅማል? (ከአራዳ)

መልስ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለዝርያ መለያነት ብቻ ከሆነ ፒሲአር አንቲቦዲውን በልጦታል። ለፐርኪንሰስ ማሪነስ የሚሆን የፒሲአር ምርመራ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አለ፤ ይህም አስፈላጊ ነበር፣ ምክንያቱም በአሜሪካ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ፐርኪንሰስ ማሪነስና ፐርኪንሰስ ቼሳፒኪ በአንድ ውኃ፣ አንዳንዴም በአንድ እንስሳ ውስጥ አብረው ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1952 የተዋወቀው አሮጌው ዘዴ ሁለቱን አይለይም። በዚያ ዘዴ የኦይስተሩ ሥጋ ቁራጭ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በተጨመረበት ታዮግላይኮሌት መረቅ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ገደማ በጨለማ ይቀመጣል፤ ጥገኛው ያብጣል፣ አዮዲን ሲነካውም ሰማያዊና ጥቁር ሆኖ ይቆጠራል። ርካሽ፣ አስተማማኝና ለክፉ ቀን የሚደርስ ዘዴ ነው፤ ለዝርያ ግን አይበቃም። እንደምታውቁት ስም ማውጣቱም ቢሆን የተረጋጋ አይደለም፦ በፖርቱጋል እ.ኤ.አ. በ1989 እንደ አዲስ የተሰየመው ፐርኪንሰስ አትላንቲከስ፣ ጂኑ ሲነጻጸር በ1981 ከአውስትራሊያ ከተገለጸው ከፐርኪንሰስ ኦልሴኒ ጋር አንድ ሆኖ ተገኝቷል።

ፒሲአር የማይመልሰው ግን የት እና በምን ሁኔታ የሚለውን ነው። የተፈጨ ሥጋ ውስጥ የጥገኛው ዲኤንኤ መገኘቱ ጥገኛው በሥጋው ውስጥ እየተራባ መሆኑን፣ ወይም ከውኃው ጋር ገብቶ በአንጀት እያለፈ መሆኑን፣ ወይም ሞቶ የቀረ ቅሪት መሆኑን አይለይም። አንቲቦዲ ግን ሕዋሱን በቦታው ያሳያል። በባሕር ውኃ ውስጥ ከሺህ ዓይነት ጥቃቅን ፍጥረታት መካከል ጥገኛውን አብርቶ ለመቁጠርም ያገለግላል፤ እርግጥ ነው፣ እዚህ ላይ ከዳይኖፍላጀሌቶች ጋር የሚደረገው መሳሳት አሳሳቢነቱ ይብሳል። በእኔ አመለካከት ዲኤንኤው ስሙን፣ አንቲቦዲው ቦታውን ሲናገሩ ነው ምርመራ ሙሉ የሚሆነው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መናቅ የባጀት ጉዳይ ካልሆነ በቀር ምክንያት የለውም።

ጥያቄ፦ በጣና ዳር በዓሣ ሀብት ሥራ ላይ ነኝ። አጥማጆች ሆዳቸው የተነፋ ትናንሽ ዓሦች ያመጡልናል። ይህ ዘዴ ለእኛ ሊሆነን ይችላል? (ከጎርጎራ)

መልስ፦ ለገለጹት ችግር ላያስፈልግዎት ይችላል። በጣና ትናንሽ የባርበስ ዓሦች ሆድ ውስጥ ሊጉላ የተባለው ጠፍጣፋ ትል እንደሚገኝ በጥናት የታወቀ ነው። ሆዱ ሲሰነጠቅ ነጭ፣ ጠፍጣፋና ወፍራም ሆኖ፣ አንዳንዴ የዓሣውን የውስጥ አካል እስኪያጨናንቅ ድረስ ተጠቅልሎ በዓይን ይታያል። በዓይን ለሚታይ ጥገኛ አንቲቦዲ ማዘጋጀት ገንዘብ ማባከን ነው። ትሉ የሚራባው ዓሣ በሚበሉ የውኃ ወፎች ሆድ ውስጥ ስለሆነ፣ የትኞቹ ወፎች በየትኛው ወቅትና በየትኛው ዳርቻ እንደሚበዙ መመዝገብ ይበልጥ ይጠቅማል።

ዘዴው የሚያስፈልገው ጥገኛው ነጠላ ሕዋስ ሲሆን፣ ወይም በዓይን የማይለዩ ሁለት ዝርያዎች የተለያየ ጉዳት ሲያደርሱ ነው። ያን ጊዜ ከኦይስተር ሠራተኞች የተሻለ ዕድል አለዎት፤ ዓሣ እንደ እኛው የራሱን አንቲቦዲ ስለሚሠራ፣ የካላ አዛሩ መመርመሪያ በሰው ላይ እንደሚያደርገው ዓሣው ከጥገኛው ጋር ተገናኝቶ ያውቅ እንደሆነ ከደሙ መጠየቅ ይቻላል። ለጊዜው ግን ከእያንዳንዱ የታመመ ዓሣ ሁለት ቁራጭ ይውሰዱ። አንዱን በ10 በመቶ ፎርማሊን ያስቀምጡት፤ የሕዋሱን ቅርጽና ቦታ ጠብቆ ለአንቲቦዲና ለማይክሮስኮፕ ይሆናል። ፎርማሊን ዲኤንኤን ስለሚጎዳ ሌላውን ቁራጭ በ95 በመቶ ኤታኖል ያኑሩት። በሁለቱም ጠርሙስ ውስጥ ቀኑን፣ የተያዘበትን ቦታና የዓሣውን ርዝመት በእርሳስ ጽፈው በወረቀት ያስገቡ፤ የእስክርቢቶ ቀለም በኤታኖል ይታጠባልና።